በዋግ ስለ ወፍራም ጠላ አጠማመቅና ስለ ጥንስስ መሰናክል

ስለ አገራችን መጠጥ የጻፉት ሰዎች፣ የውጭ አገር መንገደኞችም ሆኑ የኛው ሊቃውንት፣ አብዝተው የተረኩልን ጠላ እንዴት እንደሚሠራ ነው። እንዴት እንደሚበላሽና በተበላሸም ጊዜ ምን እንደሚደረግ ግን በጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። ይህ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ እንግዳ የሚቀመጠው በአዳራሽ ነውና የሚያየው የደረሰውን ጠላ ብቻ ነው፤ ያልደረሰው በጓዳ ይቀራል። ይሁን እንጂ ለምትጠምቅ ሴት የሙያዋ ልክ የሚታወቀው ነገሩ ሁሉ በተቃናላት ጊዜ ሳይሆን፣ ጥንስሱ አልነሣም ባለና የተዝካሩ ቀን በደረሰ ጊዜ ነው።

ይህ ሐተታ የሚመለከተው የዋግን አገር፣ ከሰቆጣ ደጋ አንሥቶ እስከ ዝቋላ ቆላ ድረስ ያለውን ነው። ለማስረዳት የምንፈልገውም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ወፍራም ጠላ፣ ብቅሉና ጌሾው የበዛ፣ ውሃው ያነሰ፣ በጋን ተመርጎ የሚሰነብተው ጠላ፣ ቀኑ የማይለወጥ ግዴታና የማይታመን ጥንስስ በአንድ ቤት ሲገናኙ የተገኘ መላ መሆኑን ነው። ስካር የሚፈልግ ሰው መኖሩን አንክድም፤ ነገር ግን የጠላውን ውፍረት በስካር ፍለጋ ብቻ የሚተረጕም ሰው የጠማቂዋን ሥጋት ሳያይ ያልፋል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዝቋላ ሲባል አብዛኛው አንባቢ የሚያስበው በሸዋ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን፣ በራሱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበትን ተራራ ነው። እኛ የምንናገርለት ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ የሚገኘው፣ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነው፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው ወረዳ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ገብስም ስንዴም ጤፍም በዙሪያዋ ይበቅላል። ወደ ተከዜ በተወረደ ቍጥር ግን አየሩ እየሞቀ፣ ዝናሙ እያነሰ፣ እህሉም ወደ ማሽላ እየተለወጠ ይሄዳል። ጌሾ ደግሞ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ የተከዜ ዳር ቆላ አይስማማውም። እንግዲህ ኽምጣንጋና ዐማርኛ የሚናገር፣ አንድ ዐይነት የበዓልና የአጽዋማት አቈጣጠር ያለው ሕዝብ፣ በሁለት ዐይነት አየር ውስጥ አንድ ስም ያለውን መጠጥ ለመጥመቅ ይደክማል። በደጋው የሚደርሰው መሰናክልና በቆላው የሚደርሰው መሰናክል አንድ ስላልሆነ፣ ለተመራማሪ የትኛው ልማድ ከአየሩ፣ የትኛው ከሥርዐቱ እንደ መጣ ለመለየት መንገድ ይከፍታል።

የእህል መጠጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ጥንታዊ መሆኑ አያከራክርም። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ስለ ቤጃ ዘመቻ ያስቀረጸው ጽሑፍ፣ እጃቸውን የሰጡት 6 ነገሥታት ከ4,400 ሕዝባቸው ጋራ ወደ ንጉሡ ሲመጡ፣ ለአራት ወር በየቀኑ 22,000 የስንዴ ዳቦ ይሰጣቸው እንደ ነበር ይናገራል፤ የግሪክኛው ቅጂም ከመጠጡ ወገን «ዚቶስ»ን፣ ማለት የእህል መጠጥን፣ ከወይንና ከውሃ ጋራ ይጠቅሳል። ቍጥሩ ማጋነን አለበት ብንል እንኳ ነገሩ ያው ነው፤ መንግሥት በመንገድ ላይ ያለውን ሕዝብ ሲቀልብ ዳቦ ብቻ ሳይሆን የተጠመቀ መጠጥም ያቀርብ ነበር። ያን መጠጥ ማን እንደ ጠመቀው ድንጋዩ አይናገርም። በግእዝ ሰዋ፣ በትግርኛ ስዋ፣ በዐማርኛ ጠላ የተባለው መጠጥ በጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጠጪው ይቈጠራል፣ ጠማቂዋ ትዘነጋለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ረጅም ዘመን ተሻግረን የስኮትላንዱን መንገደኛ ጀምስ ብሩስን እንመልከት። ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ተቀምጦ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጤፍ በሚናገርበት ቦታ የአገሩን መጠጥ አሠራር ይገልጻል። እንጀራው በደንብ ከተጠበሰ በኋላ ይቈራረሳል፤ በትልቅ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ አፉ ተከድኖ በእሳት አጠገብ እየተማሰለ አያሌ ቀን ይቈያል፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ከረጋም በኋላ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይይዛል። ብሩስ መጠጡን እጅግ መጥፎ ነው ብሎ ያልፈዋል። የእሱን ፍርድ ለመቀበልም ለመንቀፍም አንቸኵል። በዚያ ገለጻ ውስጥ እንጀራ፣ ሙቅ ውሃ፣ እሳትና ቀን አሉ፤ ጌሾ የለም። አንዲት የዋግ ባለሙያ ይህን ቢያነቡላት የጠላ አሠራር ነው አትልም፤ የጠላ አበሻሸት ነው ትላለች እንጂ። ጌሾ የሌለበት፣ በእሳት ዳር የተቻኰለ፣ ፈጥኖ የኮመጠጠ መጠጥ፣ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው መሰናክሎች ሁሉ የተሰበሰቡበት ነውና።

አሠራሩን አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፈዋለን። ገብሱ ወይም ስንዴው፣ በቆላውም ማሽላው፣ አንድ ቀን ያህል በውሃ ተዘፍዝፎ ይወጣና በቅጠል ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ሲበቅል በፀሐይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ብቅል ይህ ነው። የጌሾው ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል፤ እንጨቱ ለጠጅ ይቀመጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። ጌሾው በውሃ ይጠነሰስና ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅሉ፣ የተቈራረሰውም ቂጣ ይጨመርበታል። የቀረው እህል ተቈልቶ ይፈጫል፣ በውሃ ይለወሳል፣ በምጣድም እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ ከጥንስሱ ጋራ ሲደባለቅ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ከሰነበተ በኋላ በውሃ ይቀጥንና ጋኑ ተከድኖ ይመረጋል። ከብቅሉ ጀምሮ ቢቈጠር ነገሩ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ወፍራሙን ከቀጭኑ የሚለየው በዋናው ነገር በመጨረሻ የሚገባው የውሃ መጠን ነው፤ አተላው ዳግመኛ በውሃ ታጥቦ የሚወጣው ቅራሪ ለሕፃናትና ለሥራ ቀን ይሆናል። በቤተ ሙከራ የተለካው ጠላ በብዛት በመቶ ከ2 እስከ 6 የሚሆን አልኮል ይገኝበታል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ3ኛው ቀን በሚሆመጥጥ ጠላና ሳምንት በሚቈይ ጠላ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው አንዱ ይኸው ነው።

መሰናክሉ የሚጀምረው ከብቅሉ ነው። እህሉ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ነቀዝ ዐይኑን ከበላው፣ ግማሹ ይበቅላል፣ ግማሹ ይበሰብሳል። ከመጠን በላይ የበቀለም እንደሆነ ጠላ ይሆን የነበረው ሀብት በቡቃያው ያልቃል። በደጋው ክረምት ፀሐይ በማትወጣበት ሰሞን ብቅሉን በምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግድ ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ እሳቱ ከበረታ በብቅሉ ውስጥ ያለውና የእህሉን ዱቄት ወደ ጣፋጭነት የሚለውጠው ኀይል ይሞታል። ዛሬ የሳይንስ ሰዎች ኤንዛይም የሚሉትን ይህን ኀይል ጠማቂዋ በስሙ አታውቀውም፤ በምልክቱ ግን ታውቀዋለች። አንድ ፍሬ ብቅል ወስዳ ታኝካለች፤ ከጣፈጣት ደኅና ነው፣ ዱቄት ዱቄት ካላት አይሆንም። እኔ ትምህርቴን በተከታተልሁበት አገር ያሉ የቢራ ፋብሪካ ባለሙያዎችም፣ ያ ሁሉ መሣሪያ እያላቸው፣ ብቅሉን ሲቀበሉ አስቀድመው የሚያኝኩ መሆናቸውን አይቻለሁ።

ሁለተኛው መሰናክል የችኰላ ነው። እንኩሮው ከምጣድ እንደ ወረደ ሳይቀዘቅዝ ወደ ጋን ቢገለበጥ ጥንስሱ ይሞታል። ሴቶቹ «ተቃጠለ» ይላሉ፤ አነጋገሩ ትክክል ነው፤ እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ እንኩሮው የያዘውን ትኵሳት አይችልም። ይህ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንግዳ መጣ ሲባል፣ ወይም አንዲት ሴት ብቻዋን ልጅ አዝላ፣ እንጀራም እየጋገረች፣ እንኩሮም እያመሰች ስትውል ነው። የአንድ ቤት የብዙ ቀን እህል በአንድ ግልበጣ ይጠፋል።

የደጋውና የቆላው መንገድ የሚለያየው ግን ከጥንስሱ ላይ ነው። በሰቆጣ ዙሪያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጥንስሱ አይነሣም፣ አይፈላም፣ ዝም ይላል። ዝም ያለ ጥንስስ ደግሞ ለሌላ ነገር፣ ለሻጋታና ለመጥፎ ሽታ፣ በር ይከፍታል። መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ጋኑ ወደ ምድጃ ይጠጋል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ብቅል ይጨመርለታል። ይህ ካልበቃ ከጎረቤት፣ እየፈላ ካለ ጋን፣ በቅል ጥቂት ይመጣል። ክብሪት ሳይገባ በፊት እሳት ከጎረቤት ይጫር እንደ ነበር ሁሉ ጥንስስም ይጫር ነበር ብንል ያስኬዳል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሴቲቱ ጥንስስ ለመለመን ስትሄድ ጠላዋ እንዳልተሳካ ለሰፈሩ ትገልጻለች፤ ስለዚህ የምትሄደው ወደምታምናት ቤት ብቻ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ማን ከማን ጥንስስ እንደሚወስድ የሚመረምር ሰው፣ ከዝምድና ቈጠራ የማያገኘውን ዝምድና ያገኛል።

በዝቋላ ቆላ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥንስሱ እንዲነሣ ልመና አያሻውም፤ ችግሩ አልቆም ማለቱ ነው። ሙቀቱ እርሾውን ሲያቻኵለው አረፋው ከጋን ይገነፍላል፤ ያው ሙቀት የሚያኮመጥጡትንም ጥቃቅን ነፍሳት ያፋጥናል። ሳሙኤል ሣህሌና ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጠላ አፈላል ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ በጋን ውስጥ እርሾና የወተት አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ አየር ካገኘ ደግሞ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጠው ወገን ይከተላል። ስለዚህ የቆላ ጠማቂ ሥራዋ ማነሣሣት ሳይሆን ማቈየት ነው። ጋኑን ፀሐይ በማያገኘው ማዕዘን፣ ግርጌውን ከመሬት ቀብራ ታቆመዋለች፤ ድፍድፉን ታወፍረዋለች፤ ውሃውን ቀኑ እስኪደርስ ትከለክለዋለች፤ ጌሾውንም ታበዛለች። ድፍድፍ ሆኖ የተቀመጠ ጠላ ቀጥኖ ከተቀመጠው የተሻለ ይቈያልና፣ እንግዳ ሲመጣ በውሃ አቅጥኖ ማቅረብ ይቻላል። እንግዲህ ወፍራሙ ጠላ በቆላው የመጠጥ ዐይነት ብቻ ሳይሆን የእህል ማቈያ ዘዴም ሆኖ ይታያል።

ነገር ግን የቆላዋ ሴት አብዝታ የምትሻው ጌሾ በአገሯ አይበቅልላትም። ከደጋ መምጣት አለበት፤ መምጣቱም በገበያ ነው። ሰቆጣ ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከሚያርፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ እንደ ነበረች የታወቀ ነው፤ የታሪክ ሰዎችም ስለ ጨውዋ ብዙ ተናግረዋል። ከጨው በቅሎ ጎን በሴት ራስ ላይ የተጓዘው የጌሾ እስር ግን ከቀረጥ መዝገብ አልገባም። መንገድ በሽፍታ ወይም በጦር ሲዘጋ፣ የደጋው ቤት ጨው ያጣል፣ የቆላው ቤት ደግሞ ጌሾ ያጣል፤ ጌሾ ያጣ ቤት የሚያቀርበው ብሩስ የቀመሰውን ዐይነት መጠጥ ነው።

ጠላው ከሆመጠጠስ? የሚጣል ነገር እምብዛም የለም። ጥቂት የኮመጠጠ እንደሆነ አዲስ ድፍድፍ ይጨመርበታል፤ ብዙ ከሆነ ወደ አረቄ ይሄዳል፤ ከዚያ የተረፈው ከአተላው ጋራ ለከብት ይሰጣል። ጋን የተሰነጠቀ እንደሆነ ወደ እንስራ እየተቀዳ ይድናል፤ ነገር ግን የተገላበጠና አየር የመታው ጠላ ዕድሜው አጭር ነውና በዚያው ቀን ጎረቤት ይጠራል። በእንዲህ ያለ ቀን ሳይታሰብ የተጠራ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ያውቃል፣ አይጠይቅም።

አሁን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። ለራስ ቤት ብቻ የሚጠመቅ ጠላ ቢበላሽ ጉዳቱ የእህል ነው፤ ውሃ ጠጥቶ መዋል ይቻላል። ግን በቀድሞው ሥርዐት የጠላው ባለቤት ቤተ ሰቡ ብቻ አልነበረም። ተዝካር በ40ኛው ቀን ይወጣል፤ ማኅበርና ሰንበቴ ተራ አላቸው፤ ደቦ የተጠራበት ቀን ከዝናሙ ጋራ የተያያዘ ነው። እነዚህ ቀናቸው የታወቀ ስለሆነ ጠማቂዋ ወደ ኋላ ቈጥራ ትነሣለች፤ ብልኋ ሴት ሁለት ጋን በተለያየ ቀን ትጠነስሳለች፣ አንዱ ቢከዳት ሌላው እንዲያወጣት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድርጎ ነበር። የንጉሥ መልእክተኛ፣ በሥልጣን የሚያልፍ ሹም፣ ወታደርም ሲመጣ ባላገሩ እንጀራውንና መጠጡን፣ በጉንም ማቅረብ ግዴታው ነበር፤ እንግዳው ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ አይልክም። ዋግ ደግሞ መንገድ ያለባት፣ መኳንንት የተቀመጡባት አገር ናት። የዋግሹሞች ቤት ከዛጔ ነገሥታት እንደሚወርድ ትውፊቱ ይናገራል፤ ዋግሹም ጎበዜም ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። እንዲህ ያለ ቤት ባለበት አገር የሚያልፍና የሚያድር ሠራዊት አይጠፋም። ጠጅ ከማር ጋራ የመኳንንት ወገን ስለ ነበረ፣ በባላገሩ ቤት ለእንግዳ ክብር የሚሆነው ወፍራም ጠላ ነበር። ቀጭን ጠላ ያቀረበ ቤት እንደ ናቀ ይቈጠርበታል፤ የሆመጠጠ ያቀረበም ሰበቡን የሚሰማለት የለም። እንግዲህ ሁልጊዜ አንድ ጋን ድፍድፍ ተመርጎ እንዲቀመጥ ያደረገው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ይህ ግብር በመዝገብ ቢጻፍ ኖሮ እንጀራውና በጉ በተጻፉበት ዐምድ፣ የሴቲቱ ሁለት ሳምንት ሥራና የተበላሸባት ጋን እህልም መጻፍ ይገባው ነበር።

ከዚህ ላይ ከሌላ አገር ታሪክ ጋራ ብናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የገብስ መጠጥ የምትጠምቀውና የምትሸጠው በብዛት ሴት ነበረች። ያ መጠጥ ኤል ይባል ነበር፤ ሆፕ የተባለው መራራ ተክል ስላልገባበት በጥቂት ቀን ይበላሽ ነበር፣ ስለዚህ ከየመንደሩ አይወጣም ነበር። ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ሆፕ የገባበት ቢራ እየተስፋፋ ሲሄድ መጠጡ የሚቈይና በበርሜል የሚጓዝ ሆነ፤ መጓዝ ሲችል ገንዘብ ያላቸው ወንዶችና ማኅበሮቻቸው ያዙት። ታሪክ ጸሐፊዋ ጁዲት ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ሴቶቹ ከሥራው እንዴት እንደ ተገፉ በሰፊው አስረድታለች። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠው አገልግሎት ሆፕ ለቢራ ከሚሰጠው ጋራ ይቀራረባል፤ መራራነትንም ማቈየትንም ይሰጣል። ታዲያ በኛ አገር ጌሾ ከጥንት እያለ ጠላ ከሴቶች እጅ ያልወጣው ስለምን ነው? የኔ አስተያየት መልሱ በጋኑ ላይ ነው የሚል ነው። ጠላ ከአተላው ጋራ የሚኖር መጠጥ ነው፤ ሲነቃነቅ ይደፈርሳል፣ ሲገላበጥ አየር ያገኘዋል። ጋንም ከባድና ተሰባሪ ነው፣ በበቅሎ አይጫንም። ስለዚህ ጌሾ ለጠላው ቀን ጨመረለት እንጂ መንገድ አልከፈተለትም፤ ነጋዴው ወደ ጠላው መጣ፣ ጠላው ወደ ነጋዴው አልሄደም። በገበያ መንደር በር ላይ በእንጨት የምትሰቀለው ጣሳ የምታመለክተውም ይህንኑ ነው። ባል የሞተባት ወይም የፈታች፣ መሬት የሌላት ሴት በራሷ እጅ ልትይዘው የቻለችው ሥራ ይህ በመሆኑ፣ የአንድ ጋን መበላሸት ለሷ የወር ቀለብ መበላሸት ነበር።

ጋኑን ካነሣን ዘንድ ቡዳን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ጥንስስ ሲበላሽ «ዐይን በላው» ይባላል፤ ስለዚህ እንግዳ ሰው ወደ ጋኑ እንዳይመለከት፣ ክዳኑም በሰው ፊት እንዳይነሣ ይከለከላል። ለዚህ ክልከላ የተፈጥሮ ምክንያት መስጠት ቀላል ነው፤ ጋን በተከፈተ ቍጥር አየር ይገባል፣ አየር ሲገባ ጠላው ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል፤ እንግዲህ ልማዱ ጋኑን ይጠብቃል። ይህን ትርጓሜ በከፊል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ክዳኑ እንዳይነሣ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ያስረዳል እንጂ፣ «ዐይን» እየተባለ የሚታማው ማን እንደ ሆነ አያስረዳም። በሰሜን ኢትዮጵያ በዚህ ስም የሚታሙት ዘወትር የእጅ ሥራ ሠራተኞች ናቸው፤ ከነሱም ውስጥ ሸክላ ሠሪዎቹ ይገኛሉ። ጭቃውን ያቦካች፣ ጋኑን በእጇ ያነሣች፣ በእሳት ያበሰለች ሴት፣ ጋኑ በሰው ቤት ጠላ ከያዘ በኋላ ወደ ውስጡ ማየት ተከልክላለች። የጋኑ ሸክላ በደንብ ካልበሰለ ጠላው በቀዳዳው ይሰርጋል፣ ያለ ጊዜውም ይበላሻል፤ ስለዚህ በሸክላ ሠሪዋ ሙያና በጠላው ዕጣ መካከል በእውነት ግንኙነት አለ። ልማዱ ይህን ግንኙነት አይቶታል፤ ሙያዋን ማመስገን ሲገባው ግን ዐይኗን ከሰሰ። የጠመቃ መሰናክል የጥበብ ምንጭ ብቻ ሳይሆን የበደልም መሣሪያ እንደ ነበረ መዘንጋት የለብንም።

ጠላ እህል ያባክናል የሚለው ወቀሳ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም፤ በዋግ ላይ ሲነገር ደግሞ ይከብዳል። ዋግ ረኃብን ታውቃለች። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ክፉ ቀን፣ መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረኃብ ባጠኑት መጽሐፍ ከተመዘገቡት አንዱ የሆነው በ1958 ዓ.ም. ገደማ በዋግና በላስታ የደረሰው ረኃብ፣ ከዚያም የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. መከራዎች ይህን አገር በተለይ ጐድተውታል። በእንዲህ ያለ ዘመን እህልን ለጋን ማዋል ኀጢአት ይመስላል። ነገር ግን ወቀሳው ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ቅራሪውና ያልተጣራው ጠላ ምግብነት ያለው መሆኑ፣ አተላውም ወደ ከብት የሚመለስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጠላ የሥራ ዋጋ መሆኑ ነው፤ ደቦ ያለ ጠላ አይጠራም፣ ደቦ ያልተጠራበት ማሳም በጊዜው አይታረስም። በሬው የሞተበት ገበሬ ጎረቤቱን የሚጠራበትን አንድ ጋን ካጣ የሚቀጥለውን መከርም ያጣል። ይህን ስንል ወቀሳው ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለታላላቅ ተዝካር በዕዳ የተጠመቀው ጠላ ስንቱን ቤት እንዳራቈተ የታወቀ ነው። ጥያቄው መጠመቁ ላይ ሳይሆን፣ የማን እህል ለማን ግዴታ እንደ ተጠመቀ ነው።

ረኃብ ከእህሉ በላይ የሚወስደው ነገርም አለ። የጋኑ ገላ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ስለሆነ ከጠመቃ ወደ ጠመቃ እርሾውን በውስጡ ያሳድራል፤ ጥሩ ጠላ የወጣለት ጋን በሳሙና የማይታጠበውና ለሰው የማይሰጠው ስለዚህ ነው። ሁለት ዓመት ደርቆ የከረመ ጋን ግን ባዶ ሸክላ ነው። በመንደሩ ያሉት ጋኖች ሁሉ ከደረቁ ጥንስስ የሚጫርበት ቤት አይኖርም፤ ብቅል የሚሆነውም ዘር ተበልቷል። ከክፉ ቀን በኋላ የሚጠነሰሰው የመጀመሪያው ጠላ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጌሾው ቅጠል ይዞት ከሚመጣው በቀር የሚያነሣው የለም።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የፋብሪካ ቢራ መንገድ በደረሰበት ሁሉ ደርሷል፤ ሰቆጣም አልቀረባትም። ሆኖም ለጠላ ጠማቂዋ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጠርሙሱ አይመስለኝም፤ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ነው። ጋን አይሸከሙትም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ ከቀያቸው ለተፈናቀሉት የዋግ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በርሜል ግን ይጫናል፣ አይሰበርም፣ በርካሽ ይገኛል። ከላይ ጠላውን ከሴቶች እጅ እንዳይወጣ ጠብቆታል ያልነው ክብደት እዚህ ላይ ቀርቷል፤ በከተሞች ጠላን በጀሪካን እያመላለሱ የሚሸጡ ሰዎች ብቅ ብለዋል። ፕላስቲክ ደግሞ የወይራን ጢስ እንደ ሸክላ አይጠጣም፣ እርሾም በገላው አያሳድርም፤ በየጊዜው በሳሙና ታጥቦ እንደ አዲስ ይጀመራል። ጥንስሱ ሲዘገይ ስኳር ይጨመርበታል፤ ስኳሩ ያፈላዋል፣ አልኮሉንም ያበረታዋል፣ ነገር ግን ብቅሉና ድፍድፉ የሚሰጡትን ውፍረት አይሰጠውም፤ እንዲህ ያለው ጠላ ሳይሰነብት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሸጥ አለበት።